ቦርሳው አኮፋዳ እንዳይሆን

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው። ነገሩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን አርባ ዓመት ያህል ከልቤ ያልወጣ አንድ ቦርሳ ስላለኝ ትንሽ ነው ብዬ ልተወው አልቻልኩም። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው፤ አገር ቤት ያላችሁ እንዳትሳሳቱብኝ።)

እኔና ቤተሰቤ ከሱዳን የመጣነው በዘመቻ ሙሴ፣ ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ከጎንደር በእግር ወጥተን በኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር ወራት አሳልፈናል። በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እኛም እንደ ብዙዎቻችሁ እዚያ ቀብረን የመጣነው ሰው አለን።

እዚህ ደርሰን መርካዝ ክሊታ እንደገባን ኪታ አሌፍ ተመዘገብኩ። ለእኛ ለአዲስ መጪዎቹ ልጆች አንዳንድ ቦርሳ ታደለን። ቦርሳው አዲስ ነበር፣ ጠንካራም ነበር። ሁሉም አንድ ቀለም ነው፤ በጀርባው ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል የለጋሾቹ ስም ተጽፎበታል። የሰጡን ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን በትምህርት ቤቱ በር ስንገባ ሌሎቹ ልጆች ገና ከሩቅ “እርዳታ የተሰጣቸው መጡ” ይሉ ጀመር። እኔም ጽሑፉ እንዳይታይ ቦርሳዬን በደረቴ አቅፌ መሄድ ያዝኩ።

እናቴ አይታ “ልጄ፣ ቦርሳ በጀርባ አይደለም እንዴ የሚታዘለው?” አለችኝ። ነገርኳት። ምንም አልመለሰችም። ሌሊት ሁላችንም ስንተኛ ስፌቱን በምላጭ ተረተረችው፤ ገልብጣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ በእጇ መልሳ ሰፋችው። ጠዋት ስነሣ ቦርሳዬ ምንም ያልተጻፈበት ግራጫ ቦርሳ ሆኗል። ያን ቀን አዝዬው ሄድኩ።

በጎንደር ያደጋችሁ የቆሎ ተማሪን አኮፋዳ ታስታውሳላችሁ። የቤተ ክህነት ተማሪው አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ ሲመጣ ምንም ሳይናገር ሁሉም ያውቀዋል፤ ለምኖ የሚበላ ነው። ለእርሱ ይህ የትምህርቱ ሥርዓት ነው፤ አያሳፍረውም። የኪታ አሌፍ ልጅ ግን ይህን ሥርዓት አልመረጠም። ለእርሱ የምንሰጠው ቦርሳ “ይህ ልጅ ችግረኛ ነው” ብሎ የሚናገር ከሆነ ቦርሳ ሳይሆን አኮፋዳ አሸክመነዋል ማለት ነው። ዛሬ ልል የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ነገሩን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን፣ እዚህ ነታንያ፣ ጥቂት እናቶችና እኔ ሆነን ትንሽ የስፌት ቤት አቋቁመናል። የምንሠራው ለስደተኞች ልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው። እንደምታውቁት ከ2006 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ቀጥሎም ሱዳናውያን፣ በሲና በረሃ አቋርጠው ወደ እስራኤል ገብተዋል። ድንበሩ በአጥር ከተዘጋ በኋላ መምጣቱ ቆመ፤ ከገቡትም ብዙዎች ወደ ሌላ አገር ሄደዋል። የቀሩት በደቡብ ቴል አቪቭ፣ በፔታሕ ቲቅቫ፣ በእኛም ከተማ ይኖራሉ። ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው ዕብራይስጥ ይናገራሉ። የ1949 የግዴታ ትምህርት ሕግ የሚመለከተው ልጁ እዚህ መኖሩን እንጂ የወላጁን ወረቀት አይደለም። ስለዚህ ሴፕቴምበር 1 ቀን ያ ልጅም ክፍል ይገባል።

የጀመርነው በሦስት የስፌት መኪና ነው። መጀመሪያ ሚቅላት ውስጥ ልንገባ አስበን ነበር፤ ግን ባለፉት ዓመታት ሁላችንም እንዳየነው ሚቅላት ሲረን በጮኸ ቁጥር ሰው የሚሮጥበት ቦታ ነውና በጨርቅና በመኪና መሙላት አይገባም ብለን አንዲት ባዶ ክፍል ተከራየን። ጨርቁን የምንገዛው በቴል አቪቭ ከናሐላት ቢንያሚን መንገድ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ ነው።

ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ያየነውን ልንገራችሁ። የቤት ስፌት መኪና ለገበሩ ይበቃል፤ ማንገቻው ከቦርሳው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ግን ጨርቁ ስለሚደራረብ መርፌው ይሰበራል። እዚያ ላይ የፋብሪካ መኪናና ቁጥር 18 መርፌ ያስፈልጋል። የጥጥ ክር ዝናብ ሲመታው ይበሰብሳል፤ ፖሊስተር ክር ይሻላል። ቦርሳ የሚበጠሰው ሁልጊዜ በማንገቻው ሥር ነውና እዚያ ላይ አራት ማዕዘን ሰፍቶ መካከሉንም ከጥግ እስከ ጥግ መስፋት ነው። አንድ ሽማግሌ “በቆዳ ብትሠሩት ዕድሜ ልኩን ያገለግለው ነበር” ብለውን ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ግን ልጅ የሚሸከመው ከክብደቱ ከመቶ 10 እስከ 15 እጅ እንዳያልፍ ይመከራል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከሆነ ከነመጻሕፍቱ 2 ወይም 3 ኪሎ ማለት ነው። ባዶው ቦርሳ ከከበደ ለመጽሐፉ ምን ይቀራል?

እናቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ አትሰፋም። በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያለቀውን ቦርሳ ማንገቻውን በሁለት እጇ እየጎተተች ትፈትናለች። ካልወደደችው ትመልሰዋለች። ከእኛ ጋር የሚሠሩት ሁለት ኤርትራውያን እናቶች “አደይ” ይሏታል። በትግርኛና በአማርኛ ቀላቅለው ይግባባሉ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ከወገኖቻችን ሦስት ጥያቄ ቀርቦልኛል፤ ሦስቱም ተገቢ ጥያቄ ነው።

አንደኛው “ከቻይና የመጣ ቦርሳ በርካሽ አለ፤ ገዝታችሁ ለምን አትሰጡም?” የሚል ነው። እውነቱን ልናገር። አንድ ቦርሳ ቀዶ ሰፍቶ ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ይፈጅብናል። በሚያዝያ 2025 ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 34.32 ሸቀል ሆነ። በዚያ ብናሰላው የአንዱ ቦርሳ የእጅ ዋጋ ብቻ 103 ሸቀል ያህል ነው፤ ጨርቁና ዚፑ ገና አልተቆጠረም። በዋጋ ፋብሪካን አናሸንፍም። ዓላማችን ብዙ ቦርሳ ማደል ብቻ ቢሆን ኖሮ መግዛቱ ይሻል ነበር፤ ይህን አልክድም። የእኛ ገንዘብ ግን ሁለት ቦታ ይደርሳል። ልጁ ቦርሳ ያገኛል፣ የሰፋችው እናትም ደመወዝ ታገኛለች።

ስለ ደመወዝ ካነሣሁ አይቀር፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን በኢትዮጵያ ሳሉ በእጃቸው የሚኖሩ ነበሩ። ወንዱ ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪና ስፌት ሰፊ ነበረች። ለዚሁ ሙያቸውም የተከፈላቸው “ቡዳ” የሚል ስድብ ነው። ማረሻውን ከእኛ የሚገዛ ሰው ዓይናችንን ይፈራ ነበር። እዚህ ስንመጣ ደግሞ ስድቡ ቀረ፤ ሙያውም አብሮ ቀረ። በጎንደር ስንት ዓይነት ስፌት የምታውቅ እናት እዚህ ደረጃ ስታጥብ ኖረች። ከእኛ ጋር ከሚሠሩት አንዷ የመጀመሪያዋን ትሉሽ ስንሰጣት አገላብጣ አየችና “ይህ የጽዳት ነው?” አለችን። “የስፌት ነው” አልናት። ዝም ብላ አጥፋ ያዘችው። ስለዚህ በጎ ፈቃድ ነው እያልን እናቶችን በነጻ አናሠራም ብለን ቆርጠናል።

ሁለተኛው ጥያቄ “የራሳችን ልጆች እያሉ ለምን ለሌላ?” የሚል ነው። በየቤቱ ያለውን ችግር አውቃለሁ፤ እኔም እዚሁ ሰፈር ነው ያለሁት። ለዚህ ያገኘነው መልስ ግን ጥያቄውን ራሱን ያስቀራል። የምንሠራው ቦርሳ አንድ ዓይነት ነው። ለስደተኛው ልጅ የሚሰጠውን ያንኑ ቦርሳ፣ በዚያው ጨርቅ፣ በዚያው ስፌት፣ ለሰፈሩ ሰው በዋጋው እንሸጣለን። ቀለሙን ልጁ ይመርጣል። የማንም ስም አይጻፍበትም፤ የእኛም የለጋሹም። የተቸገረ የእኛ ልጅ ካለም በዚያው መንገድ ይደርሰዋል። ክፍል ውስጥ አሥር ልጆች ያንን ቦርሳ ይዘው ቢቀመጡ የትኛው ተገዝቶ የትኛው ተሰጥቶ እንደሆነ መምህሩም አያውቅም። ቦርሳው አኮፋዳ የማይሆነው ያን ጊዜ ነው። የሚሸጥ ቦርሳ ከሌለን የሚሰጠው ሁሉ ምልክት ይሆናል። የምንሸጠውም ለትርፍ ሳይሆን ለዚሁ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር የጀመርነው እኛ አይደለንም። በደቡብ ቴል አቪቭ በ2011 የተመሠረተው ኩቺናተ የሚባለው የአፍሪካውያን ስደተኛ ሴቶች ማኅበር በኪሮሽ የተሠራ ቅርጫት ይሸጣል። ቅርጫቱን የሚገዛ ሰው ቤቱን የሚያስጌጥ ነገር ይዞ ይሄዳል። ራምባምም በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጽዳቃን 8 ደረጃዎች ሲዘረዝር ከሁሉ በላይ ያደረገው ሰውየው ሠርቶ እንዲያድር ማገዝን ነው፤ ቀጥሎ ያስቀመጠው ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበትን ስጦታ ነው። ቄሶቻችን በጎንደር የራምባምን መጽሐፍ አላዩም፤ ኦሪት መጻተኛውን እንዳንበድል ደጋግማ እንደምታዝ ግን ያስተምሩን ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያነሡት ነው፤ “ከእነሱ ጋር ከታየን ከእነሱ ጋር ይቆጥሩናል” የሚል። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ወታደር ሆኖ ያገለገለውን ልጄን አንድ ሰው አውቶቡስ ውስጥ “ቪዛ አለህ?” ብሎታል። ልጄ ተናዶ መጣ፤ እኔም ተናደድኩ። በኋላ ግን ስናወራ “አባባ፣ በጣም ያናደደኝ ምኑ ነው? ከኤርትራዊ ጋር መሳሳቴ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ስደተኛ አለመሆናችንን ለማሳየት ስደተኛውን ከራቅነው ስደተኛ መሆን ነውር ነው ብለን ፈርመናል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ በኡም ራኩባ የቀበርናቸውን ምን ልንላቸው ነው? ያ ሰፈር ብዙ ዓመት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በኖቬምበር 2020 ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፍቷል። እኛ በተኛንበት መሬት ሌሎች ልጆች ተኝተዋል።

እኛ በመመለስ ሕግ ዜጋ ሆነን ገብተናል፤ እነሱ አይደሉም። ልዩነቱ አለ፤ አልደብቀውም። ስለ ድንበርና ስለ ቪዛ የተለያየ አሳብ ልንይዝ እንችላለን፤ ሌላ ቀን እንከራከርበታለን። የሰባት ዓመት ልጅ ቦርሳውን በደረቱ አቅፎ እንዳይሄድ ማድረግ ግን ያ ክርክር እስኪያልቅ የሚቆይ ነገር አይደለም።

በየከተማችሁ ይህን ለመጀመር ለምታስቡ ሁለት ምክር ልጨምር። ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ከሒሳብ ሠራተኛ ጋር ተቀምጣችሁ አሙታ ይሻላችሁ እንደሆነ ወይስ ኦሴክ ፓቱር መርምሩ፤ የስደተኛ እናትንም ስትቀጥሩ ቪዛዋን አሳይታችሁ ሕጉን ጠይቁ። ከቢቱአሕ ሌኡሚ የገቢ ድጎማ የሚቀበሉ አረጋውያን ገቢ ሲያገኙ ድጎማው ሊቀነስባቸው ስለሚችል አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። በጎ ሥራ ጀምረን እናቶችን ዕዳ ውስጥ እንዳንከት።

አባቶች “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላሉ። ገንዘብ ያለው አንድ ቦርሳ ለልጁ ይግዛ። ሙያ ያለው መጥቶ ያስተምረን፤ በተለይ ዚፕ መግጠም ላይ ገና እየተቸገርን ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችንም በምትኖሩበት ከተማ ስደተኛ ልጅ አይጠፋምና፣ ስትሰጡ ስማችሁን ከቦርሳው ላይ አንሡለት።

ያን ግራጫ ቦርሳዬን እናቴ እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች። ስፌት ቤቱን የከፈትን ዕለት አምጥታ ለሴቶቹ አሳየቻቸው። አንዷ ኤርትራዊት ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችና “አደይ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?” አለቻት። እናቴም “ማንም። ልጄ አፍሮ ነበር” አለቻት።

በሰላም ያገናኘን።