የማይክራፎኑ ገመድ

ትንሹ የልጅ ልጄ ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው፤ አፈር፣ የቡና ፍሬ፣ የእኔን ሙስባሃ። የዛሬ ወር ገደማ ከዙህር ሶላት ተመልሼ ጫማዬን ሳወልቅ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። በጡጫው የሚያብረቀርቅ ቀጭን ሽቦ ጨብጦ ጫፉን ይመጠምጣል። በግድ አስለቅቄ ሳየው አወቅሁት። የራሴ ሶልደር ነው፤ ከሚሴ ላይ ሬዲዮ ስጠግን በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከእጄ ያልተለየው።

ከአልጋ ሥር ካለው ሳጥኔ ወጥቶ እንዴት በረንዳ ደረሰ? እህቱ ናት ያወጣችው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል፣ የትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ አባል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜናና ምክር በኦሮምኛ ታነባለች፤ በአማርኛም ትደግመዋለች። በዚያ ሰሞን ግን ሞንታርቦው እየተንጣጣ ድምጿን ይቆራርጠው ጀመር። የተበላሸው የማይክራፎኑ ገመድ ጫፍ ላይ ነው። «አያቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ እኔ አሠራዋለሁ» ብላ ገመዱን ጠቅልላ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። እኔን መጠበቅ አቃታትና ሳጥኔን ከፍታ ስትበረብር ሶልደሩ ወደቀባት። ቀሪውን ነግሬያችኋለሁ።

እናቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ይህን ስትሰማ ቤቱ ተናወጠ። ሕጻኑን አፉንና እጁን አጥበን ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ የዋጠው ነገር እንደሌለ ነግረውን ተመለስን። ልጄ ግን ገና ደጃፉን ሳንረግጥ ጀመረች፦

«አባዬ፣ ይህ ሳጥን ዛሬውኑ ከቤቴ ይውጣልኝ። ገመዱንም ባለሙያ ይሥራው። ደግሞ ሴት ልጅ በጋለ ብረት ስትጫወት ምን ይባላል?»

ስለ ትንሹ እውነቷን ነበር። ስለ ትልቋ ግን አልተስማማሁም። በእኛ አገር ሴት ልጅ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ከሰል ታያይዛለች፣ የፈላ ጀበና ከምድጃ አንስታ ትቀዳለች። ከአቦል እስከ በረካ እሳቱ መሬት ላይ፣ ሕጻናቱ መሃል ነው። በዚህ ቤት የተቃጠሉ ልጆች በሙሉ የተቃጠሉት በቡናና በወጥ ነው፤ ማንም ቡና ይከልከል ያለ የለም። ይህን ለልጄ ብነግራት «ቡና ሌላ» አለችኝ። ሦስት ቀን ተኮራረፍን።

በሦስተኛው ቀን ማታ ያልነገርኳትን ነገር ነገርኳት። ሶልደር ሲሠራ አንድ እጅ የጋለውን ብረት ይይዛል፣ ሌላው የሚጣበቀውን ሽቦ። ሶልደሩን ለመያዝ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል። የእኔ ሦስተኛ እጅ ጥርሴ ነበር። ያስተማረኝም ሰው እንደዚያው ያደርግ ነበር፤ ነውር መሆኑን የነገረን አልነበረም። ማታ ሱቄን ዘግቼ፣ በውኃ ብቻ ለቅለቅ ባልኩት እጄ፣ ልጆቼን አጎርሳለሁ። ሳጥኑ ይውጣልኝ የምትለኝን ይህችኑ ልጄን ጨምሮ።

ዝም አለች። ቆይታ «እርሳስ ከሆነማ ተማሪ ቤት ስናኝከው አይደል ያደግነው?» አለችኝ። ይህን ብዙ ሰው ስለሚያደናግር ላፍታታው። ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ስሙ ብቻ ነው እርሳስ፤ ልቡ ግራፋይት የሚባል ከሰል መሰል ነገር ነው። እኔ የምለው ጥይትና የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባዱን ማዕድን ነው። በየጥገና ሱቁ የሚገኘው የተለመደው ሶልደር 60 በመቶው ቆርቆሮ፣ 40 በመቶው ይኸው እርሳስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕጻን ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። አዋቂና ሕጻን እኩል ቢውጡ የሕጻኑ ሰውነት ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይወስዳል፤ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን አእምሮውን ነው።

ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው። ጭሱ እርሳስ አይደለም። ሶልደር ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፣ የብረቱ ጫፍ 350 ገደማ ነው፤ እርሳስ በዚህ ሙቀት ወደ ትነት አይሄድም ቢባል ይቀላል። የሚጨሰው ሽቦው ልብ ውስጥ ያለው ሙጫ ነው። እሱም ቢሆን ዓይን ያቃጥላል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስነሳበታል፤ ስለዚህ መስኮት ይከፈት፣ ፊትም ጭሱ ላይ አይደፋ። እርሳሱ ግን የሚገባው በእጅ ነው። እጅ ወደ አፍ። እኛ ደግሞ ከአንድ ትሪ በእጃችን የምንበላ፣ የምንወደውን የምናጎርስ ሰዎች ነን። ከሰዓት በኋላ ጥገና ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለው በአንድ እጅ ሶልደር እያቀለጡ በሌላው ጫት ቀንጥሰው አፋቸው የሚከቱትን ልጆቻችንን ሳይ አሁን ልቤ ይፈራል። ድሮ እኔም ከመካከላቸው ነበርኩ።

«ይህችን ልጅ ብንከለክላት ነገ ከእነሱ ሱቅ ትማረዋለች፤ በጥርሷ ይዛ» አልኳት ልጄን። «እዚህ እኛ እያየናት ትማረው።»

ተስማማን፤ በእሷ ሕግ። ሥራው በረንዳ ላይ፣ ትንሹ በማይደርስበት ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ፣ እሱ በተኛበት ሰዓት ብቻ። ሶልደሩ ክዳን ባለው የወተት ጣሳ ውስጥ ይዘጋል። ጠረጴዛው ላይ ቡናም ቆሎም አይቀመጥም። ሲያልቅ ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ወለሉ ላይ የወደቀች የሶልደር ጠብታ ትለቀማለች፤ በመጥረጊያ ቢጠረግ አቧራውን መበተን ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል። «ውዱእ ያደርጉ የለም እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች። አደርጋለሁ፤ ያለ ሳሙና ግን።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርን። የገመዱን የላይ ጎማ ስንልጠው ውስጡ ሦስት ነገር አገኘን፤ አንድ ቀይ ሽቦ፣ አንድ ነጭ ሽቦ፣ ሁለቱን የሸፈነ የተጎነጎነ ቀጭን የመዳብ ክር። ይህ ክር ውጫዊውን ጉምጉምታ የሚከላከል አጥር ነው። እኔ ብሆን በቢላ እሸረክተው ነበር። እሷ የማበጠሪያዋን ሹል ጫፍ አስገብታ እንደ ሹሩባ ፈታችው፤ በጣቷ ጠምዝዛም አንድ ሽቦ አደረገችው። አንዲት ክር አልተበጠሰችም። የብረቱን ሥራ እኔ አስተማርኳት፤ ይህን ግን እሷ አስተማረችኝ።

ጃኩ ሦስት እግር አለው። የእያንዳንዱ እግር ጀርባ ጎድጎድ ያለ ነው፣ እንደ ትንሽ ሲኒ። መጀመሪያ የሽቦውን ጫፍ ሶልደር ማጠጣት፣ ቀጥሎ ሲኒውን በብረቱ አግሎ ሶልደር መሙላት፣ ከዚያ ሲኒው እንደቀለጠ ሽቦውን ነክሮ ብረቱን ማንሳት። ትልቁ ምስጢር ሶልደሩን በብረቱ አለማቅለጥ ነው፤ የሚጋለው እግሩ ነው፣ ሶልደሩን የሚያቀልጠውም እግሩ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከቆየ እግሩን የያዘው ፕላስቲክ ይለሰልስና እግሩ ይጠማል። ለዚህም መላ አለው፦ ጃኩን ከጥንዱ ጋር ሰክቶ መሥራት፤ ፕላስቲኩ ቢለሰልስ እንኳ ጥንዱ እግሮቹን ቀጥ አድርጎ ይይዛቸዋል። በእኔ ጥርስ ፋንታ ደግሞ እንጨት ላይ የተቸነከረ የልብስ መቆንጠጫ ገመዱን ያዘልን። ብረቱ ከተነሳ በኋላ ሽቦውን ሳያነቃንቁ መቆጠብ ነው፤ ሳይረጋ ከተነቃነቀ ግራጫና ሻካራ ይሆናል፣ ሰንበት ብሎም ይለቃል። የማይክራፎን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀየር የአንድ ቮልት ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው፤ ያችን ታህል ነገር ክፉ ብየዳ በቀላሉ ይውጣታል።

የመጀመሪያውን ጫፍ ሦስቱንም እግር ሠርታ ስትጨርስ ወላሂ ከእኔ የጸዳ ነበር። ልታለብሰው ቀፎውን ስታነሳ ግን ቀፎው ጠረጴዛው ላይ ነው። ሳይበየድ በፊት ገመዱ ላይ መሰካት ነበረበት፤ አሁን በየት ይገባል? እንባዋ መጣ። «አብሽሪ፣ ይህን ያልረሳ ጠጋኝ የለም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ስንት ቀን በራሴ ላይ ተናድጃለሁ።

እሷ ግን ስልኳን አውጥታ የጃኩን ጀርባ ፎቶ አነሳች፣ በጣቷም አሰፋችው።

«አባባ፣ እስቲ ይዩት። እዚህ ቁጥር ተጽፏል። አንድ ያሉኝ ሁለት ነው።»

አየሁት። በመነጽርም የማላየው ቁጥር በየእግሩ ሥር ተቀርጿል። ደንቡ ቁጥር 1 ለሹሩባው፣ 2 ለቀዩ፣ 3 ለነጩ ነው። እኔ የነገርኳት ከአሮጌ ደብተሬ ላይ ነበር፤ ደብተሬ ላይ ያለው ሥዕል ጃኩን ከፊት ለፊት ሲያዩት ነው። የሚበየደው ደግሞ ከጀርባ ነው። ከጀርባ ሲታይ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ አንድና ሁለት ቦታ ይለዋወጣሉ። እንደዚያው ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ ሞንታርቦው ሰፈሩን በጉምጉምታ ይገላብጠው ነበር። የእሷን ስህተት ስናርም የእኔም አብሮ ታረመ፤ አንድ ጊዜ ፈታነው፣ ቀፎውን አስገባን፣ ቁጥሩን እያየን መለስነው። ከዚያ ወዲያ ደብተሬን አልጠየቀችኝም።

ሁለተኛው ጫፍ ላይ መብራት ሄደ። ከሚሴ ሙቀቷን ታውቁታላችሁ፤ ነፋስ ፍለጋ ወጥተን ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ወሬ ያዝን። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ «ሶኬቱ ተነቅሏል?» አለች። እኔም የልጅ ልጄም ተያየን። ብረቱ እንደተሰካ፣ ከመቀመጫው ተንሸራቶ እርጥብ ያልሆነው ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። መብራቱ እኛ ዛፍ ሥር ሳለን ቢመጣ ኖሮ ጨርቁ፣ ከጨርቁም የበረንዳው መጋረጃ ነበር። ከመርዙም ከቃጠሎውም በላይ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ፣ ያሰበችው ሳጥኑ ይውጣ ያለችው ሰው ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጉ አንድ ተጨመረበት፦ መብራት ሲሄድ ከመናገር በፊት ሶኬት።

ስለ ቃጠሎ ካነሳሁ፣ ልጅቷ አንዴ የጣቷን ጫፍ ነክቷታል። እናቷ የጥርስ ሳሙና ይዛ ስትሮጥ አስቆምኳት። ቅቤም፣ ሊጥም፣ የጥርስ ሳሙናም አይደለም፤ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ፣ 20 ደቂቃ ያህል። ውኃ ማባከን መሰላት፤ ግን አልቆሰለም።

ገመዱ መበጠሱ የብየዳው ጥፋት ብቻ አልነበረም። ልጆቹ ማይክራፎኑን ሲነቅሉ ጃኩን ሳይሆን ገመዱን ይጎትታሉ፤ ጃኩ ውስጥ የገመዱን ወፍራም ጎማ ነክሶ የሚይዘው መቆንጠጫም ላልቶ ነበር። ሶልደር የነካው ሽቦ ይደርቃል፤ ልክ የደረቀበት ወሰን ላይ ሲታጠፍ ሲቃና ይሰበራል። ስለዚህ መቆንጠጫው ጎማውን እንጂ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች እንዳይነክስ አድርገን አጠበቅነው።

ከዚያ ቴስተር። አንድ ከአንድ፣ ሁለት ከሁለት፣ ሦስት ከሦስት ይጮሃል። ጥሩ። ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዋናው ግን መጮህ የሌለበት ነው፤ አንድ ከሁለት፣ አንድ ከሦስት፣ ሁለት ከሦስት ዝም ማለት አለባቸው። ከድሮ ኮምፒውተር የተረፈኝን ባለ 9 እግር ጃክ አሳይቻት «ይህስ ስንት ጥንድ ይፈተሻል?» ብላት ወረቀት ሳታነሳ «36» አለችኝ። በመጨረሻ ገመዱን እያወዛወዘች እንደገና ፈተሸችው፤ ድምፁ አልተቆረጠም።

ሰኞ ጠዋት ለመራመድ የወጣሁ መስዬ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል አለፍኩ። ባንዲራው ሲወጣ ቆሜ ጠበቅሁ። ሞንታርቦው አንዴ ጓ አለ፤ ልቤ ወደቀ፤ ጣቷ ማይክራፎኑን መትቶ ኖሯል። ከዚያ ድምጿ መጣ፣ ሳይቆራረጥ። ምን እንዳነበበች ብትጠይቁኝ አላስታውስም።

ልጄ ስለ ገመዱ ምንም አላለችኝም። ትናንት ማታ ግን በረንዳው ላይ ስወጣ የእሷ ሬዲዮ፣ ገመዱ ከተበጠሰ ዓመት ያለፈው፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከአጠገቡ ያልተከፈተ አዲስ ሳሙና አለ።