ሞተሩ የተቀመጠበትን ክፍል ማን አየው?

የእህቴ ልጅ ደብረ ኤልያስ ነው የሚኖረው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ከተጣለ የሣር ማጨጃ ሞተር፣ ከሣጥን ጣውላና ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ፎም አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ ፎቶዋን ላከልኝ። ቤተሰቡ «ሳይንቲስት» አለው። እኔም ስልኬን እያወጣሁ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አሳየሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ፎቶ መጣ። ክንፉ በሞተሩ በኩል አይጥ የቀረጠፈው ዳቦ መስሏል። ከሥሩ «አጎቴ፣ ቤንዚን በላው» ይላል።

አዎ፣ ይበላዋል። ቤንዚን ያንን ነጭ ፎም እንደ ስኳር ያሟሟዋል። ማስቲሹንም ይፈታዋል። ጣውላው ደግሞ ከማጨጃው ሞተር የሚተፋውን ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ይጠጣል፤ ይከብዳል፣ ይላላል፣ አንዴ ዘይት ከጠጣ በኋላ ደግሞ ምንም ዓይነት ኮላ አይዘውም። ቆርጦ መጣል ብቻ ነው።

ልጁ ይህን ለመከላከል ምን አደረገ መሰላችሁ? ጧፍ አቅልጦ ጣውላውን ቀባው። ሰም ውኃ እንደማያሳልፍ ያውቃል። ቤንዚን ግን ሰምንም ያሟሟል፤ የቀረውን የጭስ ማውጫው ሙቀት አቀለጠው። በቅኔ አገር ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይገኛል ይባል ይሆናል፤ እዚህ የተገኘው እርጥብ ጣውላ ነው።

መፍትሔው ተአምር አይደለም። በዓለም ዙሪያ ሞዴል አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ሞተሩንና የነዳጅ ታንኩን ከመግጠማቸው በፊት የክፍሉን ውስጥ በሙሉ ኢፖክሲ ይቀቡታል። ሁለቱን ቱቦ ቀላቅለው በትንሽ አልኮል ያቀጥኑታል፣ ወደ እንጨቱ እንዲሰርግ አድርገው በብሩሽ ይቀባሉ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ይደግሙታል። ዋናው ነገር ዓይን የማያየው ቦታ ነው፦ የእንጨቱ የተቆረጠ ጫፍ፣ ማዕዘኖቹ፣ ብሎን የሚገባባቸውና የነዳጅ ቱቦ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች። ነዳጅ ሾልኮ የሚገባው በነዚህ ነው። ቱቦውም ቢሆን ዝም ብሎ ቱቦ አይደለም። የሲሊኮን ቱቦ ለሜታኖል ነዳጅ ይሆናል፤ ቤንዚን ግን ያሳብጠዋል። ክፍሉ አየር ማስወጫም ያስፈልገዋል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል።

(በነገራችን ላይ፣ የትንንሾቹ ሞዴል ሞተሮች ነዳጅ ሜታኖልና የጉሎ ዘይት የሚቀላቀልበት ነው። እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ያው ጉሎ! ጓሮ የሚበቅለው ነገር የአውሮፕላን ሞተር ሲያለሰልስ ማሰብ ደስ ይላል።)

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። እኛ አገር «አውሮፕላን የሠራው ወጣት» የሚል ዜና በየጊዜው ይመጣል። ካሜራው ክንፉን ያሳያል፣ ቀለሙን ያሳያል፣ ባንዲራውን ያሳያል። ሞተሩ የተቀመጠበትን ክፍል ከፍቶ የሚያሳይ ጋዜጠኛ አላየሁም። አስመላሽ ዘፈሩን አስታውሱ። በ2007 ዓ.ም በቮልስ ሞተር ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ሠርቶ ስሙ ዓለም አቀፍ ሚዲያ ላይ ወጣ። ብዙውን ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ እንደተማረ ተወራለት፤ እኛም አጨበጨብን። እኔን ግን የሚቆጨኝ ጭብጨባው ውስጥ የጎደለው ጥያቄ ነው፦ ለምን ከዩቲዩብ? አጠገቡ ቆሞ «ይህቺን ቱቦ ቀይር» የሚለው ባለሙያ ለምን አልነበረም?

ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላን ውሰዱ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የበረረችው፣ ጣሊያን ወስዶ በጥር 2016 የመለሳት። ስትመለስ ስለ ታሪክና ስለ ክብር ብዙ ተባለ፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ፀሐይ የተሠራችው ሉድቪግ ዌበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እጁን እያቆሸሸ ስለሠራ ነው። ቅርሱን ተቀብለን እንዲህ ያለውን ሰው ለወረዳ ልጆች የምናቀርብበትን መንገድ አላሰብንም። በየወረዳው የቴክኒክና ሙያ ተቋም ያለው ለምንድን ነው? የሳይንስ አውደ ርዕይ ላይ ለተማሪ ከሚሰጠው ወረቀት ይልቅ አንድ ጥንድ ኢፖክሲ፣ ቤንዚን የሚችል አንድ ሜትር ቱቦና ግማሽ ቀን ከመካኒክ ጋር ብትሰጡት ይሻለዋል። ዋጋውም ለእንግዶች ከሚታደለው የታሸገ ውኃ አይበልጥም።

ደግሞ ጉዳዩ የመጫወቻ ብቻ አይደለም። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ቤንዚን በሃይላንድ እየተቀዳ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ አልጋ ሥር፣ ከምድጃው ማዶ ይቀመጣል። ልጁ «ቤንዚን በላው» ሲለኝ መጀመሪያ የታየኝ ክንፉ አልነበረም፤ ላምባ የሚበራበት የእህቴ ጓዳ ነው። ቤንዚን ምን እንደሚያሟሟ፣ ትነቱ የት እንደሚተኛ የሚያውቅ ልጅ ያለበት ቤት ከእሳት የራቀ ነው።

እና ማብረሩስ? እሱን ከልክየዋለሁ። ድሮን ከውጭ ለማስገባት የኢንሳ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የልጁ ነገር ድሮን ይባል አይባል እሱ ሌላ ክርክር ነው። እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ዛሬ በጎጃም ሰማይ ላይ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ሰው ቀና ብሎ አያደንቅም፤ ልጁን ጎትቶ ቤት ይገባል። ገበያ ለሚሄድ ገበሬ የሣር ማጨጃ ሞተር መሆኑን ማን ይነግረዋል? ልጅ የሠራው መጫወቻ ሰፈር የሚያሸብርበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ይህንን ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በስልክ ማስረዳት ከባድ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ መሬት ላይ ላስነሣው?» አለ።

መሬት ላይ ይቻላል አልኩት። ሞተሩን ወፍራም ጣውላ ላይ አስሮ፣ ከቤት ርቆ፣ ባልዲ አሸዋ አጠገቡ አስቀምጦ። ኢፖክሲውን ከደብረ ማርቆስ በሚመጣ ሰው ላኩለት። ትናንት ማታ ደወለ፦ የብሎኑን ቀዳዳ ከመቅባቴ በፊት ልብሳው ወይስ ቀብቼ ልብሳው ይላል።

መጀመሪያ ብሳ፣ ከዚያ ቀዳዳውን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ቀባው አልኩት።