ገበታችንን ያዘጋጀው ማነው?

«ይኽ ደግሞ የሰው ምግብ ነውን?» የሚል ቃል በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የምግብ አዳራሽ ሲነገር መስማት የተለመደ ነው። በጤፍ እንጀራ ያደገው ቆጮ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል፤ በቆጮ ያደገው ደግሞ የእንጀራው ምጣጤ ያስደንቀዋል፤ በቆላ ወተት የለመደው ሽሮውን አይቶ ይተክዛል። ሦስቱም ምላሳቸው የፈረደ ይመስላቸዋል። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን ፍርዱ የምላስ አይደለም። ከምላስ አስቀድመው አፈሩ፣ ዝናሙ፣ ገበያው፣ ሃይማኖቱና ጎረቤቱ ፈርደው አድረዋል። የምላስ ሥራ የእነርሱን ፍርድ ማጽደቅ ብቻ ነው።

ይኽን ማንሣታችን ለጨዋታ ማጣፈጫ ብለን አይደለም። ነገ ወደየወረዳው ተልከው ሕዝቡን ስለ ጤና፣ ስለ እርሻና ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚመክሩት የዛሬዎቹ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ናቸው። ምክራቸው ተሰሚ መሆኑ ወይም ከንቱ ሆኖ መቅረቱ የሚወሰነው አንድ ነገር በመረዳታቸው ነው፤ ይኸውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው አካባቢው የሰጠውን መሆኑን ነው። እንግዲህ አበላሉ እንዲሻሻል የተፈለገ እንደ ሆነ፥ ሰውዬው ከመገሠጹ በፊት አካባቢው መመርመር አለበት።

በመጀመሪያ ከመሬቱ እንነሣ። በመንዝ ደጋ ብርዱ ጠንካራ ስለ ሆነ ገብስ ከብዙ እህል ይልቅ ይስማማዋል፤ ስለዚህ በሶውም፣ ቆሎውም፣ ጠላውም ከገብስ ነው። ወደ ወይናደጋው ሲወርዱ ጤፉ ይመጣል። በሐረርጌ ደግሞ ዝናሙ በሚያጥርበት ቦታ ድርቅን የሚችል ማሽላ ይዘራል፤ እንጀራውም የማሽላ ይሆናል። የመንዙ ሰው ገብስን፣ የሐረርጌው ሰው ማሽላን የመረጠው በአንድ ገበያ ላይ ሁሉንም ዘርግቶ፣ ቀምሶና አማርጦ አይደለም። መሬቱ የሰጠውን ተቀብሎ በእጁ ጥበብ አጣፈጠው፤ ልጆቹም በእርሱ አደጉና ከእርሱ የሚበልጥ ጣዕም የለም አሉ።

የእንሰት ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጋሞና በሌሎችም የደቡብ አገሮች እስከ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ኑሮው በዚህ ተክል ላይ የተመሠረተ ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ነገር ግን ከደረሰ በኋላ እንደ እህል የመከር ወር ስለማይጠብቅ በተፈለገ ጊዜ ይቆረጣል። ተፍቆ፣ በጉድጓድ ተቀብሮና ብሎ ቆጮ ይሆናል፤ ቡላው ይጣራል፤ አሚቾውም ይቀቀላል። በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት አገር ከዚህ የተሻለ ጎተራ አላገኘም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎንና ትግራይን ባጠፋ ጊዜ እንሰት በሚበዛባቸው ወረዳዎች ተክሉ ለብዙ ቤት መከታ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ቆጮን የሚንቅ ሰው የሚንቀው አንድን ጣዕም ሳይሆን ብዙ ዘመን የፈጀ የኑሮ ብልኀትን ነው።

እርግጥ ነው፥ እንሰት ኃይል ሰጪ ቢሆንም ገንቢ ምግብነቱ አነስተኛ ነው። ነገር ግን የአገሩ ሰው ይኽን ከሐኪም ሳይሰማ በልማዱ አውቆት ኖሯል፤ ቆጮው ከክትፎ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር የሚቀርበው ስለዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ላሟ ስትሞት ወይም ስትሸጥ ነው። በዚያን ጊዜ ቆጮው ብቻውን ይቀራል፤ ሕፃኑም ይከሳል። ወደዚያ ቤት የገባ መካሪ «እንሰት መብላት ተዉ» ቢል ተሳስቷል፤ መጠየቅ የነበረበት «ላሟ የት ሄደች?» ብሎ ነው።

በኮንሶም እንዲሁ ነው። አገሩ ተዳፋትና ደረቅ ነው፤ ሕዝቡ ደንጊያ እየካበ የሠራው እርከን በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚያ እርከን መካከል ሽፈራው የተባለው ዛፍ ተተክሎ ይታያል። ሌላው አትክልት በበጋው ሲደርቅ ሽፈራው ቅጠሉ ይለመልማል፤ ቅጠሉም ተቀቅሎ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ከሚሠራው ኩርኩፋ ጋር ይበላል። ከከተማ የመጣ ወጣት ባለሙያ በመጀመሪያ ቀን «እዚህ አገር ጓሮ አትክልት የለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አይገርምም፤ ጎመኑ ከራሱ በላይ በዛፍ ላይ መሆኑን ማን ነገረው?

አሁን ደግሞ ወደ ማኅበራዊው ኑሮ እንመለስ፤ ገበታውን የሚያዘጋጀው መሬቱ ብቻ አይደለምና። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች የሚጾሟቸው ቀኖች በዓመት ከ180 አያንሱም። ይኽ ልማድ ወጥ ቤቱን ብዙ አስተምሮታል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፉና ተልባው ይህን ያህል በየዓይነቱ መሠራታቸው የጾሙ ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ይኸው ልማድ ግን አንዳንድ ጊዜ ያልታሰበ ጉዳት ያመጣል። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይጹም አትልም፤ ነገር ግን ወላጆች በሚጾሙበት ቤት ወተት አይገዛም፤ ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላል አይጠበስም። ስለዚህ ሕፃኑ ማንም ሳያዝዘው ጾመኛ ይሆናል። ለእናቲቱ ስለ ገንቢ ምግብ ጥቅም ብቻ መንገር አይበቃም፤ ለልጁ የሚሆን ለብቻው አንዲት ድስትና አንድ ማንኪያ ቢኖር፣ የሰበካው ካህንም ሥርዓቱን ቢያስረዱላት ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

እንደዚሁም ማን አስቀድሞ ይበላል የሚለው ጉዳይ አለ። በጥንቱ ልማድ እንግዳና አባወራ አስቀድመው ይቀርባሉ፤ የዶሮው ፈረሰኛ ለአባወራው ነው፤ ልጆች ትልልቆቹ እስኪያበቁ ይጠብቃሉ፤ ያበሰለችው እናት ከሁሉ በኋላ ትቀምሳለች። በጥጋብ ዘመን ይህ የአክብሮት ምልክት ብቻ ነው። እህል ባነሰ ጊዜ ግን የመጨረሻዋ ተመጋቢ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ትሆናለች፤ የአክብሮቱንም ዋጋ የምትከፍለው እርስዋና በሆድዋ ያለው ልጅ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰውን በምግቡ መለየት ነው። በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች በቀድሞ ዘመን ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለ ነበር፥ ጎረቤቶቻቸው ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥንም ሆነ መጋባትን ይጸየፉ ነበር። ጉማሬው በሐይቁ ዳር ለሚኖር አዳኝ የተሰጠ ሲሳይ እንጂ የክፉ ጠባይ ምልክት አልነበረም። ስለ ሆነም «ይኽ የሰው ምግብ ነውን?» የሚለው ቀልድ የሚያደርስበት መጨረሻ ይኸው ነው፤ ከምግቡ ይጀምራል፤ በሰውዬው ያበቃል።

«ልማዳችን ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ አይለወጥም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይኽን የሚል ሰው በርበሬውን ይመልከት። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨው ኮሎምበስ በ1492 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት የነበሩት አባቶቻችን ወጣቸው ያለ በርበሬ ነበር ማለት ነው። በቆሎም የመጣው ከዚያው ነው። ድንችንም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ በ1858 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ አገራችን እንዳስገባው ይነገራል፤ ሕዝቡ ግን በሰፊው የተቀበለው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በክፉ ቀን ረሀብ ምክንያት ነው። ፓስታና መኮሮኒም ከኢጣሊያኖች ጋር መጥተው ቀርተዋል። ከዚህ የምንረዳው ልማድ እንደሚለወጥ ነው፤ ነገር ግን የሚለወጠው አካባቢው ሲለወጥ እንጂ በቁጣ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። በደጋው አገር ዝናሙ አፈሩን እያጠበ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚወስደው፥ በዚያ አፈር የበቀለ እህል የሚበላ ሕዝብ በእንቅርት ይታመማል፤ ነፍሰ ጡር አዮዲን ካነሳት የልጁም አእምሮ ይጎዳል። ቀድሞ አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው ከኤርትራ ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ያ መንገድ ተዘጋና ጨው ከአፍዴራ መቅዳት ተጀመረ፤ እርሱም አዮዲን አልነበረበትም። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የሚያዝ ደንብ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከመቶ ቤት በ89ኙ ተገኘ። የአዮዲኑ መጠን በየቦታው በቂ ነው ማለት ባይሆንም፥ ለውጡ ትልቅ ነው። ባለቤቶቹ ግን ጣዕማቸውንም ልማዳቸውንም አልቀየሩም፤ የተቀየረው በሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለው ጨው ነው።

«እንዲህ ከሆነማ ትምህርት ምን ይጠቅማል? ሰውስ የራሱ ምርጫ የለውምን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይቻላል። ትምህርት እጅግ ይጠቅማል፤ ምርጫም አለ። ነገር ግን ምርጫ የሚኖረው የሚመረጥ ነገር ሲኖር ነው። ባላገሯ ዶሮዋ የጣለችውን እንቁላል ለልጅዋ ከማብላት ይልቅ ወደ ገበያ የምትወስደው ጥቅሙን ስለማታውቅ ብቻ አይደለም፤ በእንቁላሉ ዋጋ ጨውና ሳሙና፣ ደብተርም መግዛት ስላለባት ነው። ለእርስዋ «እንቁላል ለልጅ ይጠቅማል» ብሎ መናገር የምታውቀውን መድገም ሊሆን ይችላል፤ ከሁለት ዶሮ ወደ ስድስት ዶሮ የምትደርስበትን መንገድ ማሳየት ግን አዲስ ነገር ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 58ቱ በምግብ ጕድለት ምክንያት ቁመታቸው የቀነጨረ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ቍጥሩ ከመቶ ወደ 37 ወርዷል። መውረዱ ያስደስታል፤ የቀረው ግን ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ ነው። ይኽ ሁሉ እናት ልጅዋን አትወድም የሚል ሰው አይኖርም። እንግዲህ ጕድለቱን በእናቲቱ ልብ ሳይሆን በውሃው ርቀት፣ በማገዶው እጥረት፣ በገበያው ዋጋና በቤቱ ሥርዓት መፈለግ ይገባል።

ይኽ ሕግ ለባላገር ብቻ የተሠራ አይምሰለን። በከተማ የሚኖረው ወጣት ሠራተኛ ቀኑን በወንበር ላይ ይውላል፤ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የሚሸጠው የተጠበሰ ቂጣና ጣፋጭ መጠጥ ነው፤ ጓደኞቹ ወደ ሥጋ ቤት ሲሄዱ ብቻውን መቅረት ያፍራል። ስኳር በሽታና የደም ግፊት ቢይዘው እርሱንም «ሆዳም» ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ነገር ግን እርሱንም የመገበው አካባቢው ነው። ለገበሬው የምንለምነውን ፍርድ ለራሳችንም እንፍረድ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የሽሮና የአትክልት ምሳ በመጠነኛ ዋጋ ቢገኝ፥ ከብዙ ምክር ይልቅ ይረዳል።

«እንዳገሩ ይኖሩ፥ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ብለዋል አባቶቻችን። እንግዲህ በሥራ ወደ ሌላ አውራጃ የምትሄድ ወጣት ሆይ፥ የመጀመሪያው ሥራህ ከቀረበልህ ገበታ መቀመጥ ይሁን። የቀረበልህን አክብረህ ቅመስ፤ ቀጥለህም ይኽ ምግብ ከየት እንደ መጣ፣ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ፣ ሲያልቅ ምን እንደሚተካው፣ በቤቱም መጨረሻ ላይ የሚበላው ማን እንደ ሆነ በትሕትና ጠይቅ። የእነዚህን አራት ጥያቄዎች መልስ ሳይይዝ የሚመክር ሰው ምክሩ ከአፉ አያልፍም። መልሱን የያዘ ግን ምን እንደሚጎድል፣ የጎደለውም ጕድጓድ፣ ዶሮ፣ መንገድ ወይም አንዲት ድስት መሆኑን ያውቃል፤ ያንንም ለማሟላት ሲደክም የሕዝቡ ገበታ ሳይሰደብ ይሻሻላል።