ወይዘሮ ስንዱ ገብሩና ከአጥሩ ውጭ የቀረችው ሴት

ስለ ሴት እንደራሴ ሲነሣ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ስም በአክብሮት እንጠራለን። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ በ1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም ተወለዱ፤ በስዊዘርላንድ ተማሩ። ፋሺስት አገራችንን በወረረ ጊዜ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ በአዚናራ ደሴትም ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርት ሆኑ። በ1950 ዓ.ም. መባቻ በተካሄደው ምርጫ ደግሞ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አባል፣ ኋላም ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። ወንበሩ በትግል የተገኘ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ይሁን እንጂ የሠራተኛው ወገን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ በሩ ለማን ተከፈተ? የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የመምረጥን መብት ለወንድም ለሴትም ሲሰጥ፣ ለመመረጥ ግን ባለንብረትነትን ደንግጎ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ድጓ በሚመሰከርባት በጋይንት ቤተ ልሔም፣ የቆሎ ተማሪውን በቁራሽ እንጀራዋ የምታኖር ምስኪን ሴት (ሊቃውንቱን ያቆየች እርሷ አይደለችምን?) ድምፅ እንድትሰጥ እንጂ እንድትመረጥ አልተፈቀደላትም። አንቀጹ የቀረው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲታገድ ነው፤ በዚያው ቀን ግን ፓርላማውም ተዘጋ።