ርካሹ ማን ነው?

የቻይና ኢኮኖሚ መቀዛቀዝ በተነሣ ቁጥር፣ አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ አንድ ምክንያት አያጣም፤ «ርካሽ ጉልበት አለቀባት» ይላል። ጉልበት እንደ አሞሌ ጨው ተቆፍሮ የሚያልቅ ነገር ነውን?

ዕድገቱ በእርግጥ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከ14 በመቶ በላይ የነበረው በ2024 5 በመቶ ሆኗል። በ2021 ኤቨርግራንድ የተባለው የቤት ሠሪ ኩባንያ ዕዳውን መክፈል ተሳነው፤ ከ2022 ጀምሮ ሕዝቡ መቀነስ ያዘ። ጣት የሚቀሰረው ግን ደመወዙ ጥቂት ፈቀቅ ባለለት ሠራተኛ ላይ ነው!

ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል የባንክ ጸሐፊ ነኝና ስለ ዋጋ ጥቂት ልናገር። ርካሽ የተባለ ነገር ሁሉ ቀሪ ሒሳቡን ሌላ ሰው የከፈለለት ነው። በቻይና ማን ከፈለው? «ሁኮው» የሚሉት የቤተሰብ ምዝገባ ገበሬውን ከትውልድ ቀዬው መዝገብ ጋር አስሮት ኖሯል። ሼንዘን ፋብሪካ ውስጥ አሥር ዓመት ቢሠራ እንኳ የከተማ ሰው አይባልም፤ ልጁን ከተማው ትምህርት ቤት ማስገባት ስለሚቸግረው ለአያት ትቶ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያየውም በዓመት አንዴ፣ ለአዲስ ዓመት ነው። ከፓርቲው ጥላ ውጭ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋምም አይፈቀድለትም። በ2009 መጀመሪያ፣ የውጭ ትእዛዝ ሲቋረጥ፣ 20 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ሥራ አጥተው ወደ ገጠር መመለሳቸውን መንግሥቱ ራሱ ተናገረ። በከተማው የሥራ አጥ መዝገብ ግን አልተቆጠሩም፤ በወረቀት ገበሬዎች ነበሩና።

ቋንቋችን ይህን ነገር ቀድሞ ዐውቆታል፤ «ረከሰ» ስንል ዋጋው ወረደ ማለታችን ነው፣ ክብሩ ተገፈፈ ማለታችንም ነው።

እኔም ግጥም እሞካክራለሁና ሹ ሊዢን ማለፍ አይሆንልኝም። ሼንዘን በሚገኘው የፎክስኮን ፋብሪካ እየሠራ ስለ ብሎንና ስለ ሌሊት ፈረቃ የገጠመው ይህ ወጣት በ2014፣ በ24 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። እዚያው ኩባንያ በ2010 ሠራተኞች ከፎቅ እየዘለሉ ሲሞቱ፣ ከሕንፃው ሥር መረብ ተዘርግቶ ነበር። መረብ!

የቻይናው ደመወዝ ሲንር ሁዋጂያን የተባለው ጫማ ሠሪ በ2012 ዱከም ገባ። የእኛም ሹማምንት የሠራተኛውን ርካሽነት ለባለሀብት እንደ በረከት ሲዘረዝሩ ሰምተናል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ የደመወዝ ወለል ያኔ አልነበረም። የመሬቱ ኪራይ በውል ተጽፏል፤ የመብራቱ ታሪፍ ተጽፏል። ከገጠር መጥታ ዱከም ቤት የተከራየችውን የሰፊዋን ልጅ ዋጋ የተደራደረላት ማን ነበር?