ለዓይነ ስውሩ ሙዚቀኛ መድረኩ ይመቻች
በዱባይ ክሪክ ዳርቻ፣ ከዴይራ እስከ ቡር ዱባይ፣ ሠርግና ድግስ የሚያደምቅ ሙዚቀኛ ከኪቦርዱ ጎን ላፕቶፕ ማኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ማያ ገጹን ለማያየው ባለሙያ ግን በሩ የተዘጋ ይመስላል፤ አልተዘጋም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረውና በሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን የተገነባው ኤንቪዲኤ በማያ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ኦሳራ የተባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ደግሞ ሪፐር የተሰኘውን የሙዚቃ ማቀናበሪያ ያለ ማውዝ፣ በቁልፎች ብቻ ለመምራት ያስችላል።

በመድረክ ላይ ሁለት የድምፅ መውጫዎች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው ሙዚቃውን ለአዳራሹ፣ ሁለተኛው የኮምፒውተሩን ንባብ ለሙዚቀኛው ጆሮ ብቻ ያደርሳል። እጆቹ በሥራ ላይ ሳሉ ቀጣዩን ዜማ በእግር ፔዳል ይለውጣል።

ስለዚህ የሚቀረው የአዘጋጆች ድርሻ ነው፦ ቀደም ብሎ የድምፅ ሙከራ ማስደረግ፣ ገመዶችን ከመተላለፊያ ማንሳት፣ ሙዚቀኛው በእጁ ዳስሶ ያወቀውን የመሣሪያ አቀማመጥ አለመነካካት።

ኤምሬቶች በ2006 በፌዴራል ሕግ ቁጥር 29 የአካል ጉዳተኞችን መብት ደንግጋለች፤ ከ2017 ወዲህም «ባለ ጽናት ሰዎች» ትላቸዋለች። ባለ ጽናቱ የሚሻው ምጽዋት ሳይሆን በችሎታው የሚከፈለውን ዋጋ ነው።