የሕፃናት አልሚ ምግብ በለጋሾች በጎ ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል!

የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ በምግብ እጥረት ለተጎዱ 650 ሺህ ሴቶችና ሕፃናት ሲሰጥ የቆየውን ሕክምና፣ በገንዘብ እጥረት ምክንያት ከግንቦት ወር ጀምሮ ለማቋረጥ መገደዱን ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. አስታውቋል። ዜናው እንደ ማንኛውም የዕርዳታ ዜና ተነግሮ ታልፏል። በማግሥቱ ሌላ አጀንዳ ተተክቶ፣ ገና አፋቸውን ያልፈቱ ሕፃናት ከነእናቶቻቸው ተረስተዋል። የነገ ዜጎቿን ጤና የሚወስን ነገር ከእጇ ሲያመልጥ አገር እንዲህ ዝም ማለቷ ሊያስደነግጠን ይገባል።

ድርጅቱን የሚያግዙ መንግሥታት በገዛ ገንዘባቸው ላይ የማዘዝ መብት አላቸው። ዛሬ የሰጡትን ነገ ሊያጥፉት እንደሚችሉም ከዚህ መቋረጥ በላይ የሚያስተምረን የለም። ስለዚህ ቅሬታችን በዋናነት እነሱ ላይ አይደለም። ጥያቄያችን ወደ ራሳችን ነው። የአንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን የአንጎል ዕድገት በሌላ አገር ምክር ቤት የበጀት ክርክር የሚወሰነው እስከ መቼ ነው?

የጉዳቱን ምንነት ለመረዳት አንድ የገጠር ጤና ኬላ በር ላይ መቆም ይበቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ግራ ክንድ፣ ከትከሻውና ከክርኑ መሀል ላይ፣ በባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ትለካዋለች። 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ ነው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ቀይ ነው። በሁለቱ መካከል ከሆነ ቢጫ ነው። ቀይ ላይ ያረፈው ሕፃን በከፍተኛ ደረጃ የተጎዳ በመሆኑ፣ በዩኒሴፍ በኩል በሚቀርብ ከለውዝ በተዘጋጀ አልሚ ምግብ ይታከማል፤ ሌላ ሕመም ከተደረበበትም አልጋ ይይዛል። ቢጫ ላይ ያረፈውን ሕፃን የማገዝ ኃላፊነት ግን በአመዛኙ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ነው። በመግለጫው ይዘጋል የተባለው እንግዲህ የቢጫው መስመር ነው።

ይህ ማለት ልጇን አዝላ ከሩቅ መንደር በእግሯ የመጣች እናት፣ ልጇ መጎዳቱ ተነግሯት ባዶ እጇን ትመለሳለች ማለት ነው። የቢጫው ሕፃን ቀይ እስኪሆን ቤቱ ይጠብቃል ማለት ነው። ሕመም እስኪብስ ጠብቆ ማከም የትም አገር የሕክምና መርህ ሆኖ አያውቅም። በገንዘብም ቢሆን ኪሳራ ነው። ሕፃኑ በቀላሉ ሊያገግም በሚችልበት ጊዜ የተነፈገው ምግብ፣ ከሳምንታት በኋላ ብዙ እጥፍ ወጪ፣ የሆስፒታል አልጋና የባለሙያ ሌሊት ሆኖ ይመለሳል። ከዚያም በላይ የሕፃኑን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ከሞት የተረፈውም ሳይጎዳ አልተረፈም። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያሉት አንድ ሺህ ቀናት የሰው ልጅ አካልና አእምሮ በከፍተኛ ፍጥነት የሚገነባባቸው ናቸው። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሲሞላው የአንጎሉ መጠን የአዋቂውን ሦስት አራተኛ ያህል ደርሷል። በዚህ ጊዜ ፕሮቲን፣ የብረት ማዕድን፣ አዮዲንና ቅባት ካጣ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው የሚሰጠው ትርፍ እንጀራ የቀረበትን አይተካለትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። የደም ማነስ ያለበት ሕፃን ይደክመዋል፤ መጫወትና አካባቢውን መመርመር ያቆማል። ሕፃን የሚማረው ደግሞ በጨዋታው ነው። ክፍል ውስጥ ፊደል የማይገባው፣ አንድን ክፍል ሁለት ጊዜ የሚደግመው፣ አምስተኛ ክፍል ሳይደርስ የሚያቋርጠው ተማሪ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ይባላል። ጉዳቱ ትምህርት ቤት ከመግባቱ ከዓመታት በፊት የደረሰ መሆኑን የሚያስተውልለት ጥቂት ነው።

ችግሩ በዕርዳታ እህል ብቻ የሚለካ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በዚያው ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የድሃ ድሃ ቤተሰብ ልጆች 45 በመቶው የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ ሀብታም ከሚባሉት ቤተሰቦች ልጆችም 26 በመቶው የዚሁ ጉዳት ሰለባ ነበሩ። ድህነት ጉዳቱን እጥፍ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም። ሆኖም ገንዘብ ያለው ቤትም አላመለጠም። ምክንያቱ ከጓዳና ከግቢ ይጀምራል። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ቀጭን አጥሚት ብቻ እየጠጣ ይከርማል። እንቁላልና ወተት ለገበያ ይወጣሉ፤ ወይም አዋቂው ስለሚጾም የሕፃኑ ምግብ ለብቻው አይሠራም። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ሕፃን ጹም አላለችም፤ ድስቱ ግን አንድ ነው። ሕፃኑ መዳህ ሲጀምር ዶሮና በግ በሚውሉበት ግቢ ያገኘውን ሁሉ አንስቶ ወደ አፉ ያስገባል። ውኃው ከወንዝ ወይም ካልተከደነ ምንጭ የተቀዳ ነው። ተቅማጥ በተመላለሰበት ቁጥር አንጀቱ ይጎዳል፤ የበላውም አካሉ ላይ አይውልም። ስለዚህ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባትና የእናት ጤና ከምግቡ እኩል የሕፃን አእምሮ ጉዳዮች ናቸው።

በዚህ ረገድ አገሪቱ ምንም አልሠራችም ማለት ግፍ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 37 ወርደዋል። በዚህ ውጤት ውስጥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት ሲንከራተቱ የኖሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻ ትልቅ ነው። መንግሥት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ይፋ ሲያደርግ፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ለሕዝቡ ቃል ገብቷል። የረሃብ ጠባሳ ባልሻረባት በሰቆጣ ስም የተሰየመው ይህ ቃል ኪዳን፣ በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ 40 የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ሥራውን ሲጀምር ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃንና ትምህርትን በአንድ ላይ ማቀናጀቱ የሚያስመሰግን ነበር።

ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዞ አሳሳቢ ነው። እነዚያው ወረዳዎች በጦርነት ተጎድተዋል፤ ጤና ጣቢያዎች ፈርሰዋል፤ ድርቁና የኑሮ ውድነቱም ተከትለዋል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2023 ያደረገው አገር አቀፍ ጥናት የመቀንጨር መጠኑ 39 በመቶ መሆኑን አመልክቷል። ለሃያ ዓመታት ሲወርድ የቆየው ቁጥር መውረዱን አቁሟል ማለት ነው። ቃል ኪዳኑ ሊጠናቀቅ ጥቂት ዓመታት ብቻ በቀሩት ጊዜ ከአሥር ሕፃናት አራት ያህሉ ቀንጭረው እየኖሩ፣ የነበረው ሕክምና ሲቋረጥ «አዝነናል» ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ገንዘብ የለም የሚለው ምላሽ እንደሚመጣ እናውቃለን። የመንግሥት የገንዘብ አቅም ውስን መሆኑ፣ ዕዳም እንዳለበት የታወቀ ነው። ይሁንና ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማየት ተገቢ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከሚያዝያ እስከ መስከረም በኢትዮጵያ ላለው ጠቅላላ ሥራው ጎደለኝ ያለው 222 ሚሊዮን ዶላር፣ በወቅቱ ምንዛሪ 30 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ለፌዴራል መንግሥት በ2017 መጀመሪያ ከጸደቀለት 971 ቢሊዮን ብር በላይ፣ ዓመቱ ሳይጋመስ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ተፈቅዶለታል። የጎደለው ጠቅላላ ገንዘብ ከዚህ ተጨማሪ በጀት ከሃያ አንድ እጅ ነው። የተጎዱ ሕፃናትና እናቶች ሕክምና ደግሞ ከዚህም አንዱ ክፍል ብቻ ነው። አገር አጣዳፊ ነው ላለችው ጉዳይ ገንዘብ ማግኘት እንደምትችል ታይቷል። የሕፃናት ረሃብ ከዚህ በላይ ምን አጣዳፊነት ይጠበቅበታል?

ደግሞም ወጪው የማይመለስ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት ከአፍሪካ ኅብረት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ከዓለም ምግብ ፕሮግራም ጋር ያስጠናው የረሃብ ዋጋ ጥናት፣ የሕፃናት የምግብ እጥረት አገሪቱን እ.ኤ.አ. በ2009 ብቻ 55.5 ቢሊዮን ብር እንዳሳጣት አስልቷል። ይህም የዚያን ዓመት ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 16.5 በመቶ ነበር። ከአዋቂው ሕዝብ 67 በመቶው በልጅነቱ የቀነጨረ መሆኑም በዚሁ ጥናት ተገልጿል። አገሪቱ ይህን ዕዳ በየዓመቱ ትከፍላለች፤ በትምህርት ቤት ድግግሞሽ፣ በሕክምናና በሥራ ላይ በሚታይ የጉልበትና የአእምሮ ድካም ትከፍላለች። የምትከፍለው በበጀት ሰነድ ላይ ስላልተጻፈ ብቻ ወጪ የሌለ ይመስላል።

በራስ አቅም መሥራት እንደሚቻል ማሳያ ሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የተማሪዎች ምገባን በራሱ በጀት እያካሄደ ይገኛል፤ በረሃብ ክፍል ውስጥ ራሱን የሚስት ልጅ ታሪክ እንዲሆን ያደረገ ተግባር ነው። ግን ምገባው የሚጀምረው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ አንድ ሺህ ቀናቱ ደግሞ ያኔ አልፈዋል። ለተማሪው የተገኘው ቁርጠኝነት ገና በእናቱ ጀርባ ላይ ላለው ታናሹም መገኘት አለበት። የአገር ውስጥ የማምረት ልምድም አለ። ፋፋን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከለውዝ የሚዘጋጀው አልሚ ምግብም እዚሁ አገር ይመረታል። ለእነዚህ አምራቾች ቋሚ ገዥ ሆኖ መቅረብ ለለውዝ፣ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር አምራቹ ገበሬም ገበያ ነው።

የመንግሥት በጀት በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽና ወቅታዊ ነው። አንደኛ፣ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች የአልሚ ምግብ ግዥ ራሱን የቻለ የበጀት ርዕስ ይሰጠው፤ በዓመቱ መካከልም ወደ ሌላ ሥራ እንዳይዛወር ይከልከል። ሁለተኛ፣ የጤና ሚኒስቴርና የገንዘብ ሚኒስቴር በዚህ መቋረጥ የተፈጠረው ክፍተት በየትኛው ገንዘብ፣ በየትኞቹ ወረዳዎችና እስከ መቼ እንደሚሸፈን ለሕዝብ በዝርዝር ያስታውቁ። ሦስተኛ፣ የክልል መንግሥታት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የበጀት ድርሻቸውን በወቅቱ ይልቀቁ፤ በየወረዳው የቀነጨሩ ሕፃናት ቁጥርም እንደ መንገድና እንደ ስንዴ ምርት በየሩብ ዓመቱ በሪፖርት ይቅረብ። አራተኛ፣ መድኃኒትና አልሚ ምግብ የጫኑ ተሽከርካሪዎች በግጭት አካባቢዎች ያለ እንቅፋት እንዲያልፉ፣ መሣሪያ የያዘ ወገን ሁሉ መንገድ ይክፈት። የስምንት ወር ሕፃን የማንም ጠላት አይደለም።

የምክር ቤት አባላትም በጀቱ ሲቀርብ ከመንገድና ከግድብ እኩል ስለዚህ ጉዳይ ቢጠይቁ የመረጣቸው ሕዝብ ያመሰግናቸዋል። የሃይማኖት አባቶች ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች እንደማይጾሙ በየአውደ ምሕረቱ ደጋግመው ያስተምሩ። አባቶች እንቁላሉ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ለልጃቸው አንዱን ያስቀሩ። እነዚህ ሁሉ ግን የመንግሥትን ኃላፊነት የሚያግዙ ናቸው፤ የሚተኩ አይደሉም። ገበሬው ያላመረተውን፣ እናቲቱ መግዛት ያቃታትን ምግብ ምክር አይተካውም።

ለጋሾች ነገ ሐሳባቸውን ቀይረው ገንዘቡን ቢለቁ እንኳ ደስታችን ሊያዘናጋን አይገባም። በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ መግለጫ እንደማይወጣ ዋስትና የሚሆነን የራሳችን በጀት ብቻ ነው።  ስለዚህ የሕፃናት አልሚ ምግብ በመንግሥት በጀት ውስጥ በስሙ ይጻፍ፣ ይጽደቅ፣ በተግባርም ይዋል!